የጋሽ ይመር ዱላ

መካነ ሰላም፣ ጳጉሜ 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ጋሽ ይመር ጠዋት የምሠራበት ስልክ ቤት ገብተው በዱላ ፈነከቱኝ። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ትደበድባታለች፤ ሲብስባት በዚሁ ስልክ ቤት በኩል ለአባቷ ትደውላለች። የውጭ ጥሪ ተቀብሎ የሚያገናኘው የኮምፒውተር ሳጥናችን ግን ከቆመ አራት ቀኑ ነው።

«የልጄን ስልክ የዘጋህብኝ አንተ ነህ» አሉኝ። እጄ ቀደመኝ፤ ሽማግሌውን አንገታቸውን ይዤ ከግድግዳው አጋጨኋቸው። ጥበቃው ነው ያላቀቀን።

ደሜን ጠርጌ ሳጥኑን ወደሚያሠራው ፕሮግራም ተመለስኩ። የጻፈው ባልደረባዬ አንዲት መስመር ማብራሪያ ሳይተው ሥራ ለቋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ችግሩን አገኘሁት። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስልቶ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ጨርሶታል። ሳጥኑ ከተተከለ የመጀመሪያው ጳጉሜ ነው፤ ቀኑን አላውቀውም ብሎ የመጣውን ጥሪ ሁሉ ሳያገናኝ ሲመልስ ሰንብቷል። ያን ሰው ባገኘው ጥርሱን አረግፈው ነበር።

አስተካከልኩትና ሳይገናኙ የተመለሱትን ጥሪዎች ዝርዝር ከፈትኩ። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ደውላለች። በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ አንድም የለም።

ጋሽ ይመር በሩ ላይ ነበሩ። «ተሠራ» አልኳቸው፤ ዝርዝሩን ግን አላሳየኋቸውም። «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው የፈነከቱትን ቦታ ሳሙኝ፤ ከዚያ ጥሪዋን ሊጠብቁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።