በካርዱ ላይ ያልጻፍኩልሽ

ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሶሬቲ፣

ሶሬ፣ እንዴት ከርመሻል? የጋምቤላ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? የማዋለጃ ክፍላችሁ ጣሪያ ተጠገነ ወይስ ዘንድሮም ዝናቡ ሲመጣ ባልዲ ልትደረድሩ ነው?

ከሰላምታ ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ አባባ ያስተማሩንን አትረሺውም፤ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ነው። ይህችን ጽፌ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። አትደንግጪ፣ ልጅሽ ሩሃማ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አሁንም ሶፋው ላይ በደረቷ ተኝታ ሥዕል እየሳለች ነው። ግን ጆሮዋ ታሟል። የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል፣ የግራውም ደህና አይደለም። ሐኪሙ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም አለ። ይኸው አምስት ወር ሙሉ አብራኝ እየዋለች፣ አብራኝ እያደረች አላወቅኩም። ወይም እንዳላውቅ አድርጌያለሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ ዘጋሁ። ድምፅሽን ስሰማ ወኔ ከዳኝ።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ባልደረባሽ ሳና ናት። ለሥልጠና መጥታ እኛ ቤት እንዳረፈች ታውቂያለሽ። ነገሩን ያወቀችውም እሷ ናት። «እኔው ልንገራት» ትል ይሆናል ብዬ ነበር፣ «እኔ አልነግራትም፣ አንቺ ጻፊ፣ ሰኞ ጠዋት ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ» አለችኝ። ልክ ናት። የእኔን ጥፋት ሰው አፍ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው።

አምና ነሐሴ ወሎ ሰፈር ታክሲ ተራው ጋ ቆመን ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሣሪ፣ አባቷን አጥታለች፣ እኔም ሩቅ ነኝ፣ አደራ። እንግሊዝኛውን ብቻ አስይዢልኝ፣ እኔን እንዳሳፈረኝ እሷን እንዳያሳፍራት።» ኮሌጅ እያለሽ መምህሩ በእንግሊዝኛ ጠይቆሽ መልሱን እያወቅሽ ዝም ያልሽበትን ቀን ማለትሽ ነበር። ያን ቀን አልቅሰሽ ስትደውይልኝ ከአንቺ በላይ የተናደድኩት እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የእህቴን ልጅ አንድ ዓመት ውስጥ እንደ ወፍ ካላስለፈለፍኳት ምኑን አስተማሪ ሆንኩ አልኩ።

ትምህርት ቤታችንን ታውቂዋለሽ። ከሲኤምሲ በመኪና የሚመጡት ልጆች ከኬጂ ጀምሮ ሲጣሉ እንኳን በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ሩሃማ ደግሞ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከኤቢሲዲ ሌላ አታውቅም። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሉላ ስለ እኔ ብለው ተቀበሏት፣ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ «በዓመቱ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ከስልሳ በታች ካመጣች ወደ ኬጂ ትመለሳለች፣ የመምህር እህት ልጅም ብትሆን።» አስተማሪዎቹ ሁሉ ቆመው ይሰሙ ነበር። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ሰው ፊት እንዲህ ከተባልኩ ነገሩ ልጅቷን ትቶ ከእኔ ጋር ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ክፍል ውስጥ አክስቷ አይደለሁም፣ ሚስ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እቤትም አማርኛ የለም። ውኃ ከፈለገች በእንግሊዝኛ፣ ሽንት ቤት ከፈለገች በእንግሊዝኛ። ካላወቀችው እስክታውቀው ትጠብቃለች። አንድ ቀን ውኃውን ስትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ያንን ለጓደኞቼ እየሳቅኩ ማውራቴን ሳስበው አሁን ፊቴ ይግላል።

ደግሞ ይሉኝታዬ አለ። ለእህቷ ልጅ ታዳላለች እንዳልባል መጨረሻ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ አስቀመጥኳት። ከፊቷ ሠላሳ አራት ልጅ፣ ከጎኗ የመንገዱ ጩኸት። እኔ ሰሌዳው ጋ ቆሜ ነው የምናገረው። በየሁለት ሳምንቱ የማዳመጥ ምዘና አለ፤ እኔ ቃሉን አነባለሁ፣ እነሱ ወረቀታቸው ላይ ያለውን ሥዕል ያከብባሉ። ጥር ላይ ከአሥር ሦስት አመጣች። የካቲት ላይ ሁለት። እቤት ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቴ አቁሜ እነዚያኑ ቃላት ስጠይቃት ግን አንድም አትስትም፤ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ሁሉንም ትመልሳለች። ይህን እያየሁ ልጅቷ አትሰማም ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ክፍል ውስጥ ሐሳቧ ይበተናል፣ ሰነፍ ናት አልኩ። ያንኑ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

መጋቢት ላይ የሆነውን ለሳናም አልነገርኳትም። ያቤጽ የሚባል ጎበዝ ልጅ አጠገቧ ይቀመጣል። ቃሉን ሳነብ ልጆቹ ሁሉ ወረቀታቸው ላይ ሲያቀረቅሩ እሷ የያቤጽን እርሳስ ትከተላለች። እሱ ሲያከብብ ታከብባለች። ሄጄ ወረቀቷን ነጠቅኳትና ዜሮ ጻፍኩበት። ሰሌዳው ጋ አቆምኳትና ለልጆቹ «እዩ፣ የእህቴ ልጅ ብትሆንም የኮረጀ ዜሮ ነው የሚያገኘው» አልኩ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆመች። እኔ እኮ የዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነው የዋልኩት፣ ሶሬ። ልጅቷ ያልሰማችውን በዓይኗ እየፈለገች ነበር።

በዚያው ሳምንት የንግግር ምዘና ነበረን። አንድ በአንድ እየመጡ ጠረጴዛዬ ጋ ይቆማሉ። እሷም ተራዋ ሲደርስ መጣችና ጠጋ ብላ በአማርኛ «ሣሪዬ፣ ጆሮዬን» አለችኝ። አላስጨረስኳትም። «ኢን ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ» አልኩ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ደውሉ ሊደወል ነው፤ ጥያቄዬን ጠየቅኩ። «ሃው አር ዩ ቱዴይ፣ ሩሃማ?»

«አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ሚስ።»

ስትመልስ መዳፏን ቀኝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር። ከአሥር አሥር ሰጠኋት። ወረቀቱ እዚህ ፊቴ አለ፣ ከማርኩ አጠገብ በቀይ «ኤክሰለንት» ብያለሁ፤ የውጤት ካርዷ ላይም የጻፍኩልሽ ይህንኑ ነው። ትራሷ ላይ ቢጫ ነገር ሳይም የፀጉር ቅባት ነው ብዬ አጥቤ አሰጣሁት፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ሳና በመጣች በሦስተኛው ቀን ሩሃማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስል ነበር። ሳና ከኋላዋ ሆና ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ አውጥታ ከቀኝ ጆሮዋ አጠገብ አቃጨለችው። ልጅቷ ቀና አላለችም። ሳና ዞራ እኔን አየችኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አስቀርተናት ቦሌ ያለ የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድናት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳና እቅፍ አድርጋት «የኔ ቆንጆ፣ ይህን ያህል ሲያምሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት። ሩሃማ እኔን አየት አድርጋ «ዝም አላልኩም፣ በእንግሊዝኛ አላውቀውም» አለች። ተናዳ አይደለም ያለችው። የቤት ሥራዋን እንዳልሠራች ስትነግረኝ በምትናገርበት ድምፅ ነው። እኔ ወደ መስታወቱ ዞሬ እስከ ቡልቡላ ድረስ አለቀስኩ፣ ረዳቱም ሒሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ።

ታውቂያለሽ፣ ጆሮ የሚለውን ቃል አስተምሬያታለሁ። ሥዕሉን ሳሳያት በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ ማርኳንም ታገኛለች። «ያመኛል» የሚለው ግን በእኛ መጽሐፍ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ደህና ነኝ ማለትን በመጀመሪያው ሳምንት አስተማርኳት፣ ደህና አይደለሁም የሚለውን ግን አላስተማርኳትም። እኔንም ማንም አስተምሪ ብሎኝ አያውቅም፣ ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም።

ሐኪሙ ያለውን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። የጆሮ ጠብታና የሚዋጥ መድኃኒት ጀምራለች፣ መግሉ ቆሟል። ውኃ እንዳይገባ ገላዋን ስትታጠብ በጥጥ እንደፍነዋለን። የግራው እንደሚመለስ ተስፋ አለው። ቀኙን ሰኔ መጨረሻ ያየዋል፤ ታምቡሩ በራሱ ካልገጠመ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የመስማቷ ነገር ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደሆነ ስጠይቀው «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለ። ከዚህ ሌላ አልጠየቅኩትም።

ወይዘሮ ሉላ ጋ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደነገጡ፣ ከዚያም «አይዞሽ፣ ማርኩ ይስተካከላል» አሉኝ። ተስተካከለም። ዜሮው ተሰርዟል፣ ወደ ኬጂ የመመለሱ ነገርም ቀርቷል፣ አሁን ፊተኛው ወንበር ላይ ናት። ልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፣ በአማርኛ። ጠዋት ጠዋትም ትምህርት ሳልጀምር «ማን ምን ሆኗል?» እላለሁ፣ በፈለጉት ቋንቋ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጥርሱ የሚነቃነቅ አለ፣ ጫማዋ የጠበባት አለች፣ ያቤጽ እንኳን አባቱ ከቤት ከወጣ ወር እንዳለፈው የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ልጅ በየጠዋቱ አይ አም ፋይን ሲለኝ ነው የከረመው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ለገና የላክሁልሽ ቪዲዮ ስልክሽ ላይ አለ አይደል? «ሃሎ ማሚ፣ አይ አም ፋይን» የምትልበትን። «ለነርሶቹም፣ ለአራሶቹም አሳየሁ፣ በደስታ አለቀስኩ» ብለሽኝ ነበር። ደግመሽ እዪው። መጀመሪያ ላይ እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። ቀጥሎ ከካሜራው ኋላ የኔ ድምፅ «ሃንድስ ዳውን» ይላል፣ እሷም እጇን ታወርዳለች፣ ፈገግ ትልና ትናገራለች። ይህን ሌላ ሰው አይቶ ከሚነግርሽ ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ነው፤ ያፈሰስኩት ግን የራሴን አይደለም፣ የአንቺን ነው። ይቅር በይኝ ልልሽ አስቤ ነበር፣ ግን ይህንንም ፈጥነሽ እንድትመልሺልኝ አልጠብቅም። ብትሰድቢኝ እችለዋለሁ። እንደ ልማድሽ ዝም ብትይ ነው የማልችለው። ልትወስጃት ብትመጪም አልከለክልሽም። ለመስከረም ዩኒፎርም ቁመቷን አስለክቼ ጨርቁንም ገዝቼ ነበር፣ እሱ ምንም አይደለም፣ ለሌላ ልጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልጨርስ ስል ሩሃማን ጠርቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። አፌን እያየች «ለእማዬ ምን ልጻፍልሽ?» አልኳት።

«በእንግሊዝኛ ነው?» አለችኝ።

«በፈለግሽው።»

ትንሽ አሰበችና «ማርክ አለው?» አለች። የለውም አልኳት። አሁንም አላመነችኝም መሰለኝ፣ እስክሪብቶዬ ቀይ አለመሆኑን አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ «እንግዲያው እማዬ ትምጣና ትውሰደኝ በይልኝ» አለች።

እንዳለችው ጻፍኩልሽ፣ ሶሬ። አንድ ቃል አላረምኩም።

በእጅሽ የሚወለዱትን ሁሉ ጌታ በጤና ያሳድጋቸው። የምትመጪበትን መንገድ ያቅናልሽ።

እህትሽ ሣራ