የአዋቂ ስማቸውን ላስመዘገቡ የባቲክ አታሚዎች የቀረው አንድ ምስክር

ካራንግሳሪ፣ ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የፓክ ዊርዮሱማርቶ የምስክርነት ቃል በሕይወት ሳሉ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካቿ በካራንግሳሪ ገበያ በሰም ታትሞ ቀለም የሚነከር የባቲክ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ለራሴ የምጠይቀው አበል የለም። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቄን ያተሙልኝ ሽማግሌዎች ስለላኩኝ ነው የምጽፈው።

2. ሁላችንም ፓክ፣ አባት፣ የምንላቸው ዊርዮሱማርቶ የአታሚዎች ማኅበር መሪ ነበሩ። ጨርቅ ላይ የመዳብ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ክንዱ ሲዝል የሰው እጅ እንዳያይ፣ የእርጅና ዋስትና ይግባለት ብለው ከአሠሪዎች ጋር የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። እኔ ዘንድም መጥተው፣ «ማኅተሙ ሲያረጅ ታስጠግኚዋለሽ፤ አታሚው ሲያረጅስ?» አሉኝ። የአታሚዎቼን የዋስትና ውል ያን ቀን ፈረምኩ።

3. በእኛ ዘንድ ወንድ ሲያገባ የልጅነት ስሙን እንደሚተው ያውቃሉ። ጎረቤት ይጠራል፣ ሩዝ ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ አዲሱ ስም ይነገራል። ከዚያ ወዲያ በድሮው መጥራት ነውር ነው። በብዙዎቹ መታወቂያ ላይ ግን የልጅነቱ ስም እንደ ነበረ ቀርቷል። የዋስትናው ምዝገባ ሲጀመር ፓክ ዊርዮ በየማተሚያ ቤቱ እየዞሩ፣ «የልጅ ስም ይዛችሁ የሽማግሌ ገንዘብ ልትበሉ ነው? የአዋቂ ስማችሁን አስመዝግቡ!» አሉ። ሁሉም እንዳሉት አደረጉ።

4. አሁን መሥሪያ ቤቱ መዋጮ የከፈለውና መታወቂያ የያዘው ሁለት ሰው ነው ይላል። ከአታሚዎቹ አንዱን፣ መታወቂያቸው «ሳፓር» የሚለውን ፓክ ካርታዲክሮሞን፣ «ካርታዲክሮሞ ራሱ ይምጣ» አሏቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ» ቢሉ፣ «አባባ፣ እርስዎማ ሳፓር ነዎት» ተባሉ። የተሰለፈው ሰው ሳቀ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ።

5. ስሙ በወጣበት ድግስ የበላ ሰው በአካል ቀርቦ ይመስክር ተብለናል። በእነዚያ ድግሶች የበሉት አልፈዋል። በሁሉም ላይ የነበሩ፣ ዛሬም ያሉ፣ ፓክ ዊርዮ ብቻ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ ከአልጋ አይነሱም። ሠራተኛ ይላክልን ብንል፣ ምስክሩ በቅድሚያ የራሳቸውን ስም ያስመስክሩ ተባልን። መታወቂያቸው «ፓይሚን» ይላል። በእርሳቸው ድግስ ከበሉት አንድም የተረፈ የለም።

6. ነጋዴ ነኝ፤ አጭበርባሪ ስላለ ደንብ እንደሚወጣ አይጠፋኝም። የምከራከርበት አንቀጽም አላገኘሁም። የምለምነው የእርሳቸው አበል ለጊዜው ይቆይና አንድ ሠራተኛ አልጋቸው ድረስ መጥቶ ስለ ሌሎቹ የሚሉትን እንዲጽፍ ነው።

7. ሽማግሌዎቹ በየተራ ያስታምሟቸዋል። «የአዋቂ ስም ብለህ የጨረስከን አንተ!» እያሉ ይነጫነጩባቸዋል፣ ያንኑ እያሉም ሩዝ ያጎርሷቸዋል። ኋላ መጥቶ እንዳያሳፍረኝ አንድ ነገር አልደብቅዎትም። ትናንት ስጠይቃቸው የእያንዳንዱን ስም፣ የድሮውንም የአዲሱንም፣ ሳይሳሳቱ ነገሩኝ። ሳመሰግናቸው ግን፣ «ዊርዮ ማን ነው? እኔ ፓይሚን ነኝ» አሉኝ። የሌሎቹም ስም እንዲሁ ከመጥፋቱ በፊት ሠራተኛው ይድረስልን። ሲመጣም በመታወቂያቸው ስም ይጥራቸው፤ አሁን የሚሰሙት እሱን ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
ሩክሚያቲ (ፊርማ)
የባቲክ ጨርቅ ነጋዴ፣ ካራንግሳሪ ገበያ