ክብና ሦስት ማዕዘን

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ

ለበኩር ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ደህና ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ጡረታ ወጥቼ ቤት ከምጎለት ብዬ የማታ ትምህርት መጀመሬን ስነግርህ በስልክ ስቀህብኝ ነበር። ሳቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳዋልድ ኖሬ፣ ሰው ምን እንደሆነ ገና አሁን መማር ጀመርኩ። ትምህርቱ አንትሮፖሎጂ ይባላል። የሰውን ልጅ ሁለመና ነው የሚያጠናው።

መምህራችን ልጅ እግር ናት፤ በዕድሜ አንተን ብታክል ነው። ዘርፉ አራት ነው ትላለች። አንዱ አካልን ያያል፦ አጥንቱን፣ ጥርሱን፣ ከማን ምን እንደተወረሰ። አንዱ መሬት ቆፍሮ የጥንቱን ሰው ኑሮ ከገል ስብርባሪ ያነባል። አንዱ ቋንቋን ያጠናል። የመጨረሻው ባህልን፦ ማን ከማን ይጋባል፣ ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል፣ ማን የት ይቀመጣል። ለእኔ የተስማማኝ ይኼ ነው፤ ሐሜት ሐሜት ይላል።

ባለፈው ሳምንት የቤተሰባችሁን ሐረግ ሣሉ ተባልን። ወንድ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሴት ክብ። በሞተ ሰው ላይ ሰረዝ ይደረጋል። አባትህ ላይ ሰረዙን ሳደርግ እጄ ከበደኝ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ። ወንድማማቾች ደግሞ ከላይ በአንድ መስመር ይያያዛሉ። ለተኳረፉ ግን ምልክት የለም። መምህሯን ብጠይቃት፣ "እማማ፣ ኩርፊያ ዝምድናን አይፍቅም፤ መስመሩ ይሰመራል" አለችኝ።

ሣልኳችሁ። አንተን ግራ ጫፍ፣ ወንድምህን ቀኝ ጫፍ። ለምን እንዲያ እንዳራራቅኋችሁ እኔም አላወቅሁ፤ መሃሉ ሲሰፋ መስመሩ ተንጋደደብኝ። ከወንድምህ ሥር አንዲት ትንሽ ክብ አለች። አዎ፣ ልጅ ወልዷል። "እንዳትነግሪው፣ አደራ" ብሎኝ ነው እስከ ዛሬ የደበቅሁህ። አባታችሁ ያረፈ ሰሞን አንተ የእንጨት ሥራ ቤቱ ይሸጥ፣ እሱ አይሸጥም ስትባባሉ፣ "እንጨት ጠራቢ ምን ያውቃል" ያልከው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ቀርቷል። አንተ ስትደውል እሱ ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔ መሃል ቆሜ ለሁለታችሁም ስስቅ ደከመኝ ልጄ። በጣም ደከመኝ።

ልጅቱ ግን ያንተን ጆሮ ይዛ መጥታለች፣ ያንን ነፋስ ይወስድሃል እያልን የምንስቅበትን። ቋንቋም ጀምራለች፤ ለድመቱም ለእኔም የሰጠችን ስም አንድ ነው።

ትናንት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳለ፣ ወንድምህ ሰጋቱራው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ከሥራ ገባ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ።

"አንተና ወንድምህ ናችሁ።"

"ጠማማ ነው።"

"እጄ አርጅቶ ነው፣ ምን ላድርግ።"

ላጲስ ተቀበለኝና መስመሩን አጠፋው። ከዚያ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣ ከኪሱ ማስመሪያ አወጣ፤ ካንተ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ቀጥ አድርጎ አሰመረው። እንዳይደበዝዝም ደገመበት።

"አሁን ደህና ነው" ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ለእሱ ይኼ ብዙ ንግግር ነው፤ ታውቀዋለህ። እኔም በዚያ ተማምኜ ነው አደራውን ያፈረስኩት። እንግዲህ በሚቀጥለው ለእኔ አትደውል። ሥራ ቤቱ ደውል፤ አመሻሹ ላይ መጋዙ ሲያርፍ ስልክ ይሰማል።

እግርህ ከእንቅፋት፣ አንደበትህ ከክፉ ቃል ይጠበቅልኝ።

እናትህ