በሁለት እስክሪብቶ የሞላሁት ካርድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጎረቤቴ ሬዲዮ ጉልበቷ ዛሬም እንዳበጠ ነው። ደረጃውን በቂጧ እየተንፏቀቀች ነው የወረደችው፤ ወሬዋ ግን አልቀረም። ሁለተኛዋ ልጇ አርግዛለች። ለማንም እንዳትነግሪ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ... ለካ ከእኔ በፊት ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነግራዋለች። ሬዲዮ ብለን ስም ያወጣንላት ወደን ነው?

ላውንደሪው ሥራ በዝቶበታል። የሆቴሉን አንሶላ ብቻ ስተኩስ ዋልኩ። ክንዴ የእኔ አይመስለኝም።

ነገ የልጄ የጥርስ ሽቦ ይወልቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከንፈሯን ገጥማ ስቃለች፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ልቧ ትስቃለች። የመቦረሻ ካርዱ ብቻ... የዚህ ወር ገና አልተሞላም። ጠዋት ሥራ ቦታ እሞላዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ወለቀ።

ዶክተሯ መስታወት ሰጠቻት። ልጄ ፈገግ አለችና አየች... ወዲያው እጇ አፏ ላይ ሄደ። ጥርሷ መደርደሩን ተደርድሯል፣ እንደ በቆሎ። ግን የፊት አራቱ ላይ፣ ሽቦው የተለጠፈበት ቦታ ዙሪያውን፣ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። መሃሉ ደህና፣ ዳሩ ነጭ። አራት ትንንሽ መስኮት።

"እድፍ ነው?" አልኩ። እድፍ ከሆነ ሙያዬ ነው፣ መላ አይጠፋለትም ብዬ። አይደለም አለች ዶክተሯ። ስኳርና ምግብ ሽቦው ዙሪያ ሲያድር ጥርሱን ይበላዋል፤ ጥንካሬውን ሲያጣ እንዲህ ይነጣል። ያኔ ገባኝ። በረኪና የበላው ሸሚዝ ማለት ነው። እድፍ ይታጠባል። በረኪና የበላውን ምን ብለው ያጥቡታል?

ከዚያ ካርዶቹን ከፋይሉ አወጣች። ማታ ማታ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ራይት የሚደረግባቸው፣ ከታች የእናት ፊርማ ያለባቸው። የሁለት ዓመት ካርድ... ከመጀመሪያው ወር አንዲት በቀር ሣጥን አልተዘለለም። ግራ ገባት። እንዲህ የተጠነቀቀች ልጅ አይቼ አላውቅም አለች። ለስላሳ መጠጥስ? ብላ ጠየቀችኝ።

"ኧረ ቤቴም አይገባ" አልኩ። ማን ነው ያናገረኝ? ልጄ ጫማዋን ታያለች።

እንግዲያው ከተፈጥሮው የሳሳ ጥርስ ነው አለች። የሳሳ ከሆነ በቅባት አይመለስም፤ የሚሻለው አራቱን ከላያቸው በስሱ ሞርዶ መሸፈን ነው። ቀጠሮ ጥቅምት 26።

መሞረድ... የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጥርስ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ሦስተኛዬ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። የሚያነበው የለ።

የመጀመሪያውን ወር በትክክል ነው የሞላሁት። አንድ ማታ ብቻ ልጄ ሳትቦርሽ እንቅልፍ ጣላት፤ ሣጥኗን ባዶ ተውኳት። የዚያን ጊዜ የነበረችው ነርስ ካርዱን ብድግ አድርጋ፣ የሰው እናት ሁሉ በተደረደረበት፣ "ይቺ ለምን ባዶ ሆነች? እናት ቤት አልነበሩም?" አለችኝ። ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሣጥን የለም።

ቀጠሮ ሲደርስ ጠዋት መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ የወሩን ባንዴ እሞላለሁ። የተወሰነውን በሰማያዊ፣ የተወሰነውን በጥቁር እስክሪብቶ... በየማታው የተሞላ እንዲመስል። ሞልቼ ስጨርስ እጨመድደውና በካውያ እዘረጋዋለሁ፣ ሲያገለግል የከረመ እንዲመስል። ይኼን ያህል ብልሃት ለመዋሸት ከማወጣ ልጄን ቀስቅሼ ብሩሹን ባስይዛት ምን ነበረበት?

እኔማ ደክሞኝ እገባለሁ። እሷም ተኝታለች። ፊቷን አይቼ... ትተኛ እላለሁ። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ማኘክ አትችልም። አንጀቴ አልችል ይለኛል። ለስላሳ እገዛላታለሁ፣ ኬክ በሻይ እነክርላታለሁ። አንጀቴን ያመንኩበት ቀን ይጥፋ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሬዲዮ መጣች። ጉልበቷ ትንሽ ቀሎላታል፣ የልጇ እርግዝና ግን ማቅለሽለሽ አብዝቶባታል። የልጄን ጥርስ ሰምታለች (ከማን?)። በከሰልና በጨው ፈትጊው ትላለች፣ የአክስቷ ልጅ በሱ ነጣላት። የኛ ችግር መንጣቱ ነው ስላት ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ቁጭ ብላለች። መምህሯ ናት የነገረችኝ። እራት ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታኝከው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ...

"እማ፣ ሲሞርዱት ያማል?"

ያደነዝዙታል አልኳት። ምን እላለሁ? ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ከነገ ወዲያ ነው። ክሊኒኩ ደውዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስልኬን ይዤ ከላውንደሪው ጓሮ ቆምኩ። አነሱት። "የቀጠሮ ሰዓቱን ላረጋግጥ ብዬ" አልኩና ዘጋሁት።

ምንድን ነው የምፈራው? ያቺ ነርስ እንደሆነች ሄዳለች። ማንም አይመታኝ። የልጄ ጥርስ ተሞርዶ ከሚቀር የእኔ ፊት ቢግል ምናለበት... እያልኩ ሰዓቱን ብቻ አረጋገጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26



ልጄን ወንበሩ ላይ አስተኟት። መብራቱ አፏ ላይ በራ። ዶክተሯ ጓንቷን አጥልቃ መርፌውን አነሳች። ልጄ በሁለት እጇ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች፣ ጣቷ ነጣ። እሱን ሳይ ነው መሰለኝ ምላሴ የተፈታው።

"ዶክተር፣ ካርዱ ውሸት ነው።"

መርፌውን አስቀመጠች። ስንቱ? አለችኝ። ከመጀመሪያው ወር ወዲህ ያለው ሁሉ አልኩ። ለስላሳውንም ነገርኳት፣ ኬኩንም፣ ሁለቱን እስክሪብቶ። ካውያውን ሳይቀር። አንዴ ከጀመርኩ ማን ያስቁመኝ።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አልሰደበችኝም። መብራቱን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች።

"እናት፣ ሞርጄው ቢሆን ኖሮ እኔም መልሼ አላበቅለውም ነበር።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥርሷ ከተፈጥሮው ጤነኛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው አለች። የሚሞረድ ነገር የለም። ፍሎራይድ ቀባቻት፣ ማታ ማታ የምትቀባውን ቅባት ሰጠቻት። በደንብ መቦረሽ፣ ለስላሳ መተው፣ ሦስት ወር መጠበቅ። ጥርሱ ከምራቋ ጥንካሬውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ሁሉም ባይጠፋ እንኳ ሳይሞረድ ውስጡ የሚሰርግ ፈሳሽ አለ አለችን። ደግሞ አዲስ ካርድ ሰጠችን። የሰጠችው ለልጄ ነው፣ ለእኔ አይደለም። ይገባኛል።

ታክሲው ጋ ስንደርስ ነው...

"አውቅ ነበር እኮ፣ እማ። ስትሞይው አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሊሞርዱሽ?"

"አንቺን ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ነዋ።"

እኔ እንቅልፏ እንዳይጎድል ብዬ፣ እሷ እኔ እንዳላፍር ብላ። ስንተዛዘን ጥርሷን ልናስበላው። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ማታ ቀሰቀስኳት። ተነጫነጨች፣ "ጨካኝ" አለችኝ። ቦረሸች። ይበለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ሐሙስ ዶክተሯ አይታት ነበር። ሁለቱ ጥርሶች ላይ ፈልገው ካላገኙት አይታይም። ሦስተኛው ደብዝዟል። አራተኛው ላይ አለ፤ እንዳለ ነው። እሱን በሚቀጥለው ወር በፈሳሹ ትሞክረዋለች፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላ ቃል አልገባችም። እኔም እንድትገባልኝ አልጠየቅኋትም። እሱም አብሮን ይኑር።

ዛሬ ሬዲዮ መጣች፣ በምርኩዝ። ልጇ ሆዷ ገፍቷል፣ ማቅለሽለሹ ትቷታል፤ አሁን ሌሊት ተነስታ መብላት ነው ሥራዋ። ባሏ ፍሪጁን ሊቆልፈው ነው። ሻይ ልጥድ ስነሳ ሬዲዮ የወጥ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ካርድ አየችው። ልጄ ናት ራሷ የምትሞላው፣ ባንድ እስክሪብቶ።

"ሁሉ ሞልቶ ይቺ አንዷ ምን ሆና ጎደለች?" አለች ሬዲዮ። "ሙይላት እንጂ አንቺ፣ ዓይን ትወጋለች።"

"ያን ቀን ሳልቦርሽ ተኝቼ ነው፣ እትዬ" አለች ልጄ።

"እና ማን አየሽ?"

ልጄ ሳቀች። አፏን ከፍታ፣ አራተኛው ጥርሷ ከነነጩ እየታየ። አንድ እጇ ዳቦ ይዟል፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እዚያው ቆየ።

እስክሪብቶው ከስኳሩ ጎን ተቀምጧል። አላነሳሁትም።