የጋሼ ቢሻው ረሃብ

የካቲት 26 ቀን 1957፣ እንጅባራ

ቀኑን ሙሉ ንፋስ። የተማሪዎቹን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ቤት ስገባ ወንድሜ ጋሼ ቢሻው ጓዳ ቆሟል። ጥሬ ድንች ይገምጣል። አፈሩን እንኳ አላራገፈም። ቅዳሴ ገና አልወጣም።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?"

"እርቦኛል።"

ጾም የማይስት ሰው ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ከፈረስ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ነው... ቁስሉ ድኖ የለም እንዴ?

መጋቢት 4

ጓዳው ተቆለፈ። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ሚስቱ አምሳለ ናት የሰጠችኝ። "እኔ ከያዝኩት ያለቅስብኛል፤ እከፍትለታለሁ" አለች። ከወንድሜ ዳቦ የምደብቅ ሰው ሆንኩ።

መጋቢት 23

የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ዳቦው ከጓዳ ወጥቶ መሶብ ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹን ልንቀበል ወጣን። ስንመለስ ጋሼ ቢሻው ተንበርክኳል። ጸሎት ያልተደገመበትን ዳቦ ግማሹን በልቶታል። እንባው እየወረደ ያኝካል።

ደርበው፣ ጎረቤታችን፣ ሳቀ። "መሶቡን መተዉም ደግ ነው።"

መምሬ ክንዴ አልሳቁም። "ይህ የሱ ሆድ አይደለም፤ መንፈስ ነው። ከፋሲካ በፊት አስራችሁ ጸበል አውርዱት። እህል ሳያይ ይሰንብት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"እሺ" አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

መጋቢት 27፣ ዳንግላ

ለማንም ሳልናገር በጭነት መኪና ሐኪም ቤት ይዤው መጣሁ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው፣ ዓይኑን በመብራት አየ።

"ከአንጎል ሥር ትንሽ ቦታ አለች" አለኝ። "ረሃብና ጥጋብ እዚያ ይታወቃሉ። ምግብ ሲገባ ሆድና አንጀት በነርቭም በደምም ወሬ ይልካሉ። ወሬውን የሚሸከሙትን ንጥረ ነገሮች ገና አጥርተን አናውቃቸውም። የሱ ሆድ ይልካል። ተቀባይዋ ናት የተጎዳችው።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለኝም። ምግቡን ቆልፉ፣ በልክ ስጡት። ማስራብ ግን አያድነውም።"

ስንመለስ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጥቂት በልቼ ተውኩት... ሳላስበው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ጨዋነቴ ነው እል ነበር። ጋሼ ቢሻው እጄን ያያል።

ሚያዝያ 6

መምሬ ክንዴና የማኅበሩ ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"መምሬ፣ ሐኪም አሳይቼዋለሁ፤ የተጎዳው አንጎሉ ነው። እግሩን የተሰበረ ሰው ሩጥ ይሉታል?"

"ሐኪምህ የመንፈስን ነገር ምን ያውቃል?"

"ምናልባት አያውቅም። እኔም አላውቅም። አይታሰርም ግን።"

መምሬ ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። በመጨረሻ "ጸበሉን እዚሁ አመጣለታለሁ" አሉ። "በመጪው ማኅበር እናየዋለን። ዳቦውን ዳግም ከነካ ግን አንተም አትከለክለኝም።"

ሚያዝያ 23

ማኅበሩ ደርበው ቤት ነበር። ጋሼ ቢሻው አልገባም አለ። ውጭ የእንግዶቹን ፈረሶች ይዞ ቆመ። ሽታው ግን እዚያም ይደርሳል። ከውስጥ ሆኜ በበሩ በኩል ስጠብቀው ጸሎቱን አልሰማሁም።

ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ መምሬ ክንዴ ድርሻውን ራሳቸው ይዘውለት ወጡ። ተከተልኳቸው። በአንድ ጊዜ ዋጠው። ዓይኑ በበሩ በኩል ወደ መሶቡ ሄደ። አንድ እርምጃ ተራመደ... ቆመ።

"ጠገብህ?" አሉት።

"አላውቅም፣ መምሬ።"

ወደ እኔ ዞረ።

"ጠግቤያለሁ?"

"ጠግበሃል፣ ጋሼ።"

"እሺ" አለ። መንጋጋው አሁንም ይንቀሳቀሳል። ፈረሶቹን ውኃ ሊያጠጣ ይዟቸው ወረደ።