ከዛጎ ወንዝ ማዶ ታቦት ሲጠብቁ የኖሩት የዲያቆን እሸቴ አለበል የሕይወት ታሪክ

ዲያቆን እሸቴ አለበል ከአባታቸው ከአቶ አለበል ቢሆነኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ ኢያሱ በስማዳ ወረዳ፣ ማዶ ሾላ በተባለው መንደር ጥር 21 ቀን 1981 ዓ.ም. ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ዛጎን ተሻግረው በአፋፍ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሡ። ያጠመቋቸው ቄሰ ገበዝ አበባው ናቸው። ዛሬ ጸሎተ ፍትሐቱን የመሩላቸውም እኒሁ አባት ናቸው።

ከሩቅ ለመጣችሁ ለቀስተኞች ስለ ማዶ ሾላ ጥቂት መንገር ያስፈልጋል። መንደሩ ቤተ ክርስቲያን የለውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ወዲህ፣ አሁን የቆምንበት አፋፍ ላይ ነው። ዛጎ በበጋ ሕፃን የሚረግጠው ውሃ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ ግን በሬ እንኳ አይደፍረውም። በእነዚህ ወራት ሰው የሞተ እንደሆነ ሬሳው በወንዙ ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ውሃው እስኪጎድል ይቆያል። መንደርተኛው በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የዳሱን ክዳን ይቀይራል። ለማን እንደሚሆን ሳያውቅ ሣሩን ያጭዳል፣ ይከድናል፣ ወደ እርሻው ይመለሳል።

እናታቸው ወይዘሮ ማሬ በሐምሌ 1990 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ዛጎ ሞልቶ ስለነበር ሬሳቸው በዳሱ ሦስት ቀን ቆየ። ዲያቆን እሸቴ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ሦስቱንም ቀን በቅጠል ዝንብ ሲከላከሉ እንደዋሉ ያዩዋቸው ሰዎች ዛሬም ይናገራሉ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ደስታ ስድስት ዓመቷ ስለነበር ከቤት ቀርታለች። ወንድሟ በዚያ ዳስ ካዩት ነገር ጋር ግን በኋላ ዘመናቸው ሁሉ አብራቸው ኖራለች ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ከዚያ ዳስ ወጥተው አያውቁምና።

አባታቸው አቶ አለበል ገበሬ ሊያደርጓቸው ብዙ ደክመው ነበር። ዲያቆን እሸቴ ግን ሞፈር ሲጨብጡ ትልማቸው እየተጣመመ ከጎረቤት ማሳ ይገባ ነበር። በዚህም የተነሣ በ1993 ዓ.ም. ከቤት ጠፍተው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ለትምህርት በሄዱ ጊዜ አባታቸው አጥብቀው አልፈለጓቸውም እየተባለ በቤተሰቡ ውስጥ ይሣቃል። በቤተ ልሔም ከየኔታ ተክለ ሃይማኖት እግር ሥር ተቀምጠው ቁራሽ ለምነው፣ በቁንጫና በብርድ ተፈትነው ድጓ ተማሩ። በ1996 ዓ.ም. ማዕረገ ዲቁና ተቀበሉ። ክረምት ክረምት አባታቸውን ለመጠየቅ ሲመጡ የዛጎን ሙላት በመቋሚያቸው እየለኩ ከፍታውን በቢላ ይቆርጡበት ነበር። የኔታ ይህን አይተው "ልጄ፣ መቋሚያ ለማኅሌት ነው እንጂ ለውሃ መለኪያ አልተሰጠህም" ብለው ገሥጸዋቸው ነበር። ምልክቱ ግን በየዓመቱ መጨመሩን አላቆመም።

ዘመናዊውን ትምህርት በንፋስ መውጫ ከተማ በማታ ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ገቡ። በ2010 ዓ.ም. በነገረ መለኮት በዲግሪ ተመረቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ራቅ ያሉ የገጠር ምእመናን የቀብር ችግር ነበር፤ አስተማሪያቸው ርእሱን ለምን እንደመረጡ ቢጠይቋቸው መቋሚያውን አሳዩዋቸው። ሲመረቁ በከተማው በአንድ ትልቅ ደብር እንዲያገለግሉ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ይህን የሰማችው እህታቸው በስልክ ተቆጥታ፣ "እሸቴ፣ ሰው ከገደል ለመውጣት ይማራል፤ አንተ ተምረህ ወደ ገደሉ ትመለሳለህ?" ብላቸው ነበር። "እኔ የተማርሁት ለዚያ ወንዝ ነው" ብለው መለሱላት። እሷም ስልኩን ዘጋችባቸው። ዛሬ ይህን በሰው ሁሉ ፊት የምታስነብበው ስላፈረችበት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ መምህርት የነበሩትን ወይዘሮ ፍቅር ዳኛቸውን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ሁለት ልጆችም አፈሩ። ቅስና ለመቀበል ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶላቸው ሳለ፣ "መጀመሪያ ታቦት ይግባ፤ ቀድሼ የማቆርበው በማዶ ሾላ ነው" በማለት አዘገዩት። የዚያን ጊዜ እሺ ብለው ቢሆን ኖሮ በኋላ የመጣባቸው ፈተና ባልመጣ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የመንደሩን አባወራዎች ሰብስበው በኪዳነ ምሕረት ስም አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ጥያቄ አቀረቡ። አዲስ አጥቢያ ለመክፈት የነባሩ አጥቢያ ካህናት ስምምነት ያስፈልጋል። ቄሰ ገበዝ አበባው በዚህ አልተስማሙም። "ሚካኤል ሰው አነሰው፤ ካህናቱ በማን ይኖራሉ? ደግሞስ አባቶቻችሁን የተሸከመ አፈር ለእናንተ ምን አነሰው?" አሉ። እሳቸውም ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም፤ ደብራቸውን ስለሚወዱ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቦታው እንዲከለልና ዋናው ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ታቦቱ የሚያርፍበት መቃኞ እንዲሠራ ተፈቀደ። ሕዝቡ ድንጋይ ከወንዙ እየተሸከመ፣ ሴቶች ጭቃ እየረገጡ በሁለት በጋ መቃኞውን አቆሙት። ታቦቱ በመስከረም 2016 ዓ.ም. እንዲገባ ቀጠሮ ተያዘ።

ቀጠሮው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የመንደሩ ሰው የአቶ ማሩ ባለቤት ወይዘሮ እንጉዳይ ልጅ ትተው ዐረፉ። ዛጎ ሞልቷል። ሬሳቸው በዳሱ ሁለት ቀን ቆየ። ካህን ከማዶ መሻገር አልቻለም። ዲያቆን እሸቴ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ዳሱ ወርደው፣ የሟቿን የስምንት ዓመት ሴት ልጅ በቅጠል ዝንብ ስትከላከል አገኟት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከሩም። ሬሳው ተነሥቶ ታቦት ባልገባበት በኪዳነ ምሕረት ቅጥር እንዲቀበር አደረጉ። ጸሎተ ፍትሐቱንም ክህነቱ ሳይኖራቸው ራሳቸው አደረሱ። በማግስቱ ዛጎ ጎደለ።

አንድ ቀን ቢታገሡ ኖሮ ወይዘሮ እንጉዳይ በሚካኤል በተቀበሩ፣ ታቦቱም በቀጠሮው ማዶ ሾላ በገባ ነበር። ይህን ስለ እሳቸው ብለን አንሸፋፍነውም፤ እሳቸውም ሸፋፍነውት አያውቁም። ቄሰ ገበዝ ከሰሱ። ነገሩን የመረመሩት አባቶች ዲያቆን እሸቴን ከአገልግሎት አገዱ፤ ታቦቱም እስኪወሰን ድረስ እንዳይገባ አዘዙ። "አንድ ቀን መጠበቅ እንዴት አቃተህ?" ብለው ሲጠይቋቸው፣ "ሁለቱን ቀን ጠብቄያለሁ፤ ሦስተኛውን ቀን በዘጠኝ ዓመቴ ጠብቄዋለሁ" ብለው መለሱ። አባቶች አዘኑ እንጂ ውሳኔያቸውን አልለወጡም።

መንደሩም ለሁለት ተከፈለ። ድንጋይ ሲሸከሙ ከከረሙት አንዳንዶቹ "በአንድ ሬሳ ታቦታችንን አስቀረብን" ብለው ሰላምታ ነፈጓቸው። ከሁሉ የከበደው ግን በጥር 2016 ዓ.ም. የመጣው ነበር። የወይዘሮ እንጉዳይ አጽም ወጥቶ ወደ አፋፍ ሚካኤል እንዲዛወር ታዘዘ። ዲያቆን እሸቴ መቃብሩን በራሳቸው እጅ ከፈቱ፤ አጽሙንም ተሸክመው ዛጎን ተሻገሩ። አቶ ማሩ ርቀው ከኋላ ተከተሏቸው። ዲያቆን እሸቴ ከዚያ በኋላ ባዶ የቀረውን ጉድጓድ ሲደፍኑ ከላዩ ድንጋይ ከበቡበት። የቅጥሩ ሣር በሚታጨድበት ጊዜ እንኳ ሰው እንዲረግጠው አይፈቅዱም፤ "ቦታዋ ነው" ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የጉበት ሕመም ጀመራቸው። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ሕክምና ቢከታተሉም፣ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሯቸው እያለፈ ሕመሙ ጸናባቸው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መባቻ ባለቤታቸውና እህታቸው በከተማ እንዲቆዩ ቢለምኗቸው አሻፈረኝ ብለው፣ ወንዙ ሳይሞላ ከእነሱ ጋር ማዶ ሾላ ገቡ። የመንደሩ ሰዎች፣ ያኮረፉትም ጭምር፣ ሊጠይቋቸው እየመጡ "ከሞቱ በኪዳነ ምሕረት እንቀብርዎታለን፤ የመጣው ይምጣ" አሏቸው። እሳቸው ግን ተቃወሙ። "በእኔ ሬሳ ደግሞ ታቦቱን አታዘግዩት። ከዳሱ አስተኙኝ፤ ውሃው ሲፈቅድ አሻግሩኝ" ብለው አስማሏቸው።

ዲያቆን እሸቴ በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሬሳቸው በዳሱ ሦስት ቀን ቆየ። እህታቸው ይህን ታሪክ የጻፈችው በዚያ ሦስት ቀን ከጎናቸው ተቀምጣ ነው። ቄሰ ገበዝ አበባው መርዶውን ሲሰሙ በዚህ እርጅናቸው አፋፉን ወርደው በወንዙ ዳር፣ በወዲህ በኩል ተቀመጡ። ቀን ቀን መስቀላቸውን ይዘው ወደ እኛ ዞረው ይጸልያሉ፤ ድምፃቸውን ግን ውሃው ይውጠው ነበር። ዛሬ ጠዋት ተሻግረን ስንደርስ እያለቀሱ፣ "አርባ ዓመት ሬሳ ስቀበል ኖሬ በዳሱ የሚጠብቀውን ሰው አላየሁትም ነበር" አሉን። ሬሳውን ወደ አፋፉ ሲያወጡ ከፊት ከተሸከሙት አንዱ አቶ ማሩ ነበሩ።

ዲያቆን እሸቴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፍቅር ዳኛቸውን፣ ልጆቻቸውን አዲስዓለምንና ኢያሱን፣ አረጋዊ አባታቸውን አቶ አለበልን እና እህታቸውን ደስታን ትተው አልፈዋል። ዛሬ ከእናታቸው ጎን ያርፋሉ። ከዚህ ማንም እንዳያነሣቸው ተናዝዘዋል። ሁለተኛው ኑዛዜያቸው ለእናንተ ለአባቶች ነው፤ ታቦቷ ማዶ ሾላ የገባች ዕለት ወይዘሮ እንጉዳይን ወደ ቦታዋ መልሱልኝ ብለዋል። ድንጋዩ እንደተከበበ ነው። ታቦቷ እንድትገባ የሚፈቅደው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም፤ በመጪው ሰኔም የዳሱ ክዳን መቀየሩ አይቀርም።

በሕይወታቸው ሳሉ ወንዝ ዳር ያስጠበቃቸው አምላክ በደጁ አያስጠብቃቸው። ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።