የሰሚቱ ቤታችን ተከራይ አገኘ

ያሬዴ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ቦሌ ሚካኤል የተከራየናት ክፍል ዘንድሮም ታፈሳለች፤ በዚያው በአልጋው ራስጌ በኩል። ጥጉ ላይ የነበረው ሱቅ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አሁንም ወሬዬን አቋርጣለሁ። የማወራው ሰው ሳይኖር።

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ ነበር። ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት። ደህና አይደለሁም። ቀንቻለሁ።

መጀመሪያ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ሐዘን ግን ሰው አይመርጥም፤ ባልና ሚስት ያየሁበት ቦታ ሁሉ ይመጣል፣ ታክሲ ውስጥም፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይም። ይሄኛው መረጠ። ማሂን መረጠ፤ የገዛ እህቴን።

ታናሼ ማሂ፣ ብር እጇ ላይ የማይበረክትላት። አንተ «ደመወዟ መንገደኛ ነው፤ አድሮ አያረፍድም» ትላት ነበር። ያኔ እጮኛዋ የነበረውን ናቲን አገባች፤ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ አብረኸው የምታየውን። ሠርጋቸው ትንሽ ነበር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሣር ላይ። በማግስቱ ዛንዚባር ሄዱ። ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት አልነበራቸውም። ገርጂ አንድ ጓደኛቸው ዘንድ ተዳብለው ከረሙ። ያላቸው ፍራሽና ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ይሄ አላሳፈራቸውም። እኔ ያልገባኝ እሱ ነው። እኛን እኮ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያፈሰው ጣሪያ እንኳ ያሳፍረን ነበር።

ማሂን ለምን አትቆጥቢም ስላት፣ የቤት ዋጋ ከደመወዟ ፈጥኖ እንደሚሮጥ ትነግረኛለች። የማትደርስበትን ስታባርር ወጣትነቷ እንዲያልፍ አትፈልግም። ጓደኞቿም እንደዚያው ናቸው። ጫማው አዲስ፣ ስልኩ አዲስ፣ ቤቱ የሰው። አንተ ብትኖር ትከራከራት ነበር። እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ልክ ብትሆንስ ብዬ እፈራለሁ።

እኛ ሐይቅ ዳር ዓሣ ለመብላት ብዙ ጊዜ አሰብን። ያሰብነው ሁሉ ባንክ ገባ። ልደቴን ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው ተባባልን። ማናችን እንዳልነው እንኳ አላስታውስም።

ስልኬ ውስጥ ያለው ያንተ ፎቶ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውም ግንባታው ጋ የተነሣኸው። አንተ ከመሠረቱ ጉድጓድ ፊት። አንተ ከተከመረው ብረት ፊት። አንተ ከሦስተኛው ፎቅ ሥር፣ እጅህ ወደ ላይ፣ ገና የሌለ መስኮት እያሳየኸኝ። የማሂ ስልክ ውስጥ ናቲ ይበላል፣ ይስቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል። እሱ ቢሞት… ይቅር ይበለኝ። ግን አስቤዋለሁ፤ እሱ ቢሞት ለሷ የሚቀራት ይበልጣል።

ዕቁባቸውን ታስታውሰዋለህ። የሽርሽር ዕቁብ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም። ለቤት ቀብድ አይሆንም፣ ለዕዳ አይሆንም፣ ባንክ አይገባም። ወር ሳይሞላ አንድ ቦታ ሄዶ መጨረስ፣ ፎቶውንም ለሁሉም መላክ አለበት፤ ካላደረገ ይቀጣል። ዕቁብ በልታ ቤቷን ቆርቆሮ ያለበሰች እናቴ ይሄን ስትሰማ አማተበች። አንተ በጣም ሳቅክ። «ድህነት ከነዳኛው ከነጸሐፊው» አልክ። እኔም ሳቅኩ። አብረን የሳቅን መስሎኝ ነበር።

ቤቱ አለቀ፣ ያሬዴ። ሰሚት፣ አምስተኛ ፎቅ። ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አድርገው ነው ያስረከቡን። ያስረከቡኝ። ስትሞት ትሠራበት ከነበረው የአየር መንገዱ ካርጎ ክፍል የሰጡኝን ያንተን ገንዘብ ለመጨረሻው ክፍያ አዋልኩት። ሴራሚኩን፣ በሮቹን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ዕቃ ተበድሬ አስገባሁ። ሊፍቱ እስካሁን አይሠራም። ከላይ ሆኖ ሲታይ የአውሮፕላኖቹ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ ድምፃቸው አይሰማም።

መጋረጃው አጠረ። ሽያጭ ቢሮው ውስጥ ናሙና ቤት ሲያሳዩን፣ ሠራተኛዋ ዞር ስትል ከኪስህ ሜትር አውጥተህ መስኮቱን የለካኸው ነው። ሕንፃው ያኔ ገና ጉድጓድ ነበር። እኛ ግን መጋረጃ አሰፍተን፣ በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ አልጋ ሥር ከተትን። እውነተኛው መስኮት ከናሙናው ይረዝማል። ስሰቅለው ከወለሉ ብዙ ርቆ ቀረ። እዚያው ሴራሚኩ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚያስቅ ነገር ነበር። ብቻዬን መሳቅ ግን አስፈራኝ።

ልገባበት አልቻልኩም። ብድሩን ሊከፍል የሚችለው ኪራዩ ነው። ስለዚህ እኔ የሚያፈሰው ክፍል ውስጥ እየኖርኩ ቤታችንን ላከራይ ወሰንኩ። ደላላው ብቻውን የሚኖር አንድ የውጭ አገር ሰው አገኘሁልሽ አለኝ። ደስ አለኝ። ባዳ ነው። በባዳ አይቀናም።

በዚያው ሳምንት ማሂ መጣች። ቤቱን ለኛ አከራዪን አለች። ዋጋውን እንደማንኛውም ሰው እንደሚከፍሉ፣ እህት ናት ብዬ እንዳልቀንስላት፣ ከጓደኛ ጋር መዳበል እንደሰለቻቸው ነገረችኝ። ማታውኑ እማዬ ደወለች፤ የሥጋ ዘመድ ሜዳ ላይ እያለ ባዳ ማስገባት ነውር ነው አለች። ሁሉም ልክ ናቸው። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። እኔና አንተ ያልበላነው፣ ያልለበስነው፣ ያልሄድንበት ሁሉ ሴራሚክ ሆኖ፣ እነሱ በልተው፣ ለብሰው፣ ሄደው ሲያበቁ እላዩ ላይ ሊተኙበት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወሰድኳቸው። ደረጃውን ስንወጣ የምከለክልበትን ምክንያት እያዘጋጀሁ ነበር። ማሂ ገና ስትገባ መጋረጃውን አይታ፣ «ገኒዬ፣ ሚኒ አለበስሽው እንዴ?» አለችኝ። ናቲ ወደ በረንዳው አለፈ። ቀጥታ። አንተ ወንበርህን አስቀምጥበታለሁ ያልከው ጥግ ላይ ሄዶ ቆመ። ማንም አላሳየውም። ያንን ጥግ እኔና አንተ ብቻ የምናውቀው ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አልኩ። ውሸቴን እንደሆነ ማሂ ገባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ይገባታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄን ቤት ታቦት አደረግሽው እኮ። ያሬድ ቢሆን ይሰጠን ነበር» አለችኝ።

ያሬድን አታውቂውም አልኳት። እኔ ነኝ የማውቀው አልኳት።

ያኔ ነው ናቲ ፊቱን ከበረንዳው ሳያዞር የተናገረው። «ያሬድ እኮ ቤቱ ሲያልቅ ዕቁቡ ውስጥ ሁለት ዕጣ ያዝልኝ ብሎኝ ነበር። አንዱ ለሱ፣ አንዱ ላንቺ።»

ማሂም አልሰማችም ነበር። ሁለታችንም አየነው። ናቲ ደነገጠ፤ የማውቅ መስሎት ነበር። ከዚያ እየተንተባተበ ነገረኝ። ኳስ በምታዩበት ቤት፣ በእረፍቱ ሰዓት፣ በዕቁቡ ስለሄዱበት ስለ ወንጪ ሐይቅ ትጠይቀው እንደነበር። ፈረሱ ቁልቁል ሲወርድ ምን ይያዛል ብለህ። ጀልባው ላይ ዋና የማይችል ሰው ይፈራል ወይ ብለህ። ገኒ እምቢ ትላለች፣ ቀስ ብዬ ነው የማለማምዳት ብለኸዋል። ፎቶዎቹን አሳየኝ እያልክ፣ እያየህ፣ መልሰህ እያየህ። ከዚያ ቤት መጥተህ አጠገቤ ትቀመጥና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እናወራለን።

ለምን ለሱ?

ለኔ ብትነግረኝ ምን እል ነበር? አውቃለሁ። እምቢ እል ነበር። ጣሪያና በር ቆጥሬ አፍህን አስይዝህ ነበር። ቢሆንም ልትነግረኝ ይገባ ነበር። እምቢታዬም የኔ ድርሻ ነበር። እሱንም ወስደህ ለማክያቶ ጓደኛህ ሰጠኸው።

ቅናቱ እዚያው በረንዳ ላይ ቦታ ቀየረ። ማሂን ለቀቃት፣ ናቲ ላይ ዐረፈ። እኔ ያለኝ ያሬድ ሜትር ኪሱ የማይለየው፣ ከክፍል ሲወጣ መብራት የሚያጠፋ፣ ሒሳብ የሚደግም ሰው ነው። ናቲ ያለው ያሬድ ፈረስ ላይ ይወጣል። ተጋብተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያንን ሰው አንድ ቀን አላየሁትም። የቁጠባ ደብተራችን ላይ ስማችን አንድ ላይ ነበር፤ ጉጉትህ ግን በሌላ ሰው ስም ተቀምጧል።

ቁልፉን በሳምንቱ ሰጠኋቸው። እማዬ የልጄ ልብ ራራ ብላ ለጎረቤቱ አውርታለች። አልራራም። ከዋጋው አልቀነስኩም፤ የውጭው ሰው ሊከፍል ያሰበውን ይከፍላሉ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። ማሂ ኪራዩን በየወሩ በስልክ እንልክልሻለን ስትለኝ አይሆንም አልኩ። አሁን ሁሉም በስልክ ነው፣ ብር በእጁ የሚይዝ የለም፤ ቢሆንም መጥቼ በእጄ እቀበላለሁ፣ ናቲም በዚያ ሰዓት ቤት መገኘት አለበት አልኳት። አከራይነቱ ራሷ ላይ ወጣ፣ ግድግዳዋን ልትቆጣጠር ነው ብላ ለእማዬ ከሳኛለች። እንደዚያ ይምሰላት።

የመጀመሪያውን ወር ሄጄ ተቀበልኩ። ማሂ መጋረጃው ሥር ሌላ ጨርቅ ቀጥላበታለች፣ ቀይ፤ ላለመውደድ ሞከርኩ። ሻይ ሊያፈላ ሲነሣ ናቲን አስቀመጥኩት። ሌላስ ምን ይልህ ነበር አልኩት። አሰበ። ጨርሻለሁ መሰለኝ አለ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ከዚያ አንድ ቀን፣ እነሱ ገና ሳይጋቡ ለዛንዚባር ቲኬት ሲያጠያይቁ፣ አንተ የበረራውን ሰዓት ጠይቀኸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ጫንኩ፣ አንድ ቀን ዕቃውን ተከትዬ ብሄድ ምን ይለኛል እንዳልከው ነገረኝ። ስትናገር ስቀህ ነበር አለኝ። በየትኛው ሳቅህ እንደሆነ ጠየቅኩት። አሳየኝ። የማላውቀው ሳቅ ነው።

ቅናቱ እየበላኝ ተቀበልኩት። ገንዘቡን ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ደረጃውን ወረድኩ።

ያሬዴ፣ የማውቅህን ማንም አይወስድብኝም፤ እሱ ከኔ ጋር ነው። የማላውቅህን ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ሄጄ እቀበላለሁ። ናቲ የሚያስታውሰው ሲያልቅበት ከመጀመሪያው እንዲደግምልኝ አደርገዋለሁ። ይሰለቸኝ እንደሆነ እንጃ። ብድሩ አልቆ ቤቱን የማስለቅቅበት ቀን ቢመጣ እንኳ፣ እሱ የሚሄድበት ሠፈር ድረስ ተከትዬው እሄዳለሁ። ያንተ የሆነ ነገር ሰው እጅ ላይ አይቀርም።

እንደቀናሁ ነኝ።

ያንተዋ ገነት